ባለጎማ እግሩን ማሽን ይዘን አንኮበር ስንወርድ

አንኮበርን ሳያዩ የሚኖሩ የእነዋሪ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ብዙም አልቀረባቸውም። እኔ ግን ሄጄ ተመልሻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ በደጄ የሚያልፈው ሁሉ «እንዴት ነበር?» እያለ ያቆመኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው። አጻጻፌ ቢንገዳገድ መንገዱም እንደዚያው ነበርና ታገሱኝ።

የሄድነው ለውሃ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች የተዳረችው ከአንኮበር በታች፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ዳገት ላይ ወዳለች መንደር ነው። የመንደሩ ውሃ ያለው ከገደሉ ሥር ነው። ባለፈው ክረምት ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ሰዉ ከላይ ካለው ምንጭ በቱቦ ሊያወርድ ተነሳና ከላይም ከታችም ቦይ ቆፈረ። መካከሉ ላይ ግን ጭንጫ ገጠመው፤ ድጅኖው ሁሉ ጫፉ ታጠፈ። በልግ ከገባ ዳገቱ ጭቃ ስለሚሆን ሥራው ለከርሞ ይተላለፋል ተባለ። እትዬ በስልክ «ለከርሞ» ስትለኝ ድምፅዋ ቀጠነብኝ። ሰማንያን ለተጠጋ ሰው ከርሞ ሩቅ አገር ነው።

እኔም አፌ አያርፍ፤ «የልጄ ባል ማሽን አለው፣ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት።

ማሽኑን ልንገራችሁ። ኤክስካቫተር ሲሉኝ መንገድ ሲሠራ ያየሁት፣ ያ ቤት የሚያህለው ብረት መስሎኝ ነበር። የጌትነት ማሽን ግን ከአንድ የደለበ የጅሩ ሰንጋ ብዙም አይበልጥም። ትልልቆቹ የሚሄዱት በብረት ሰንሰለት ነው። ይሄኛው በጎማ ነው። በግራና በቀኙ ሰፊ ጥቁር የጎማ ቀበቶ በመዘውሮች ላይ ተጠምጥሞለታል፤ እነሱም «የጎማ ሰንሰለት» ይሉታል። ጎማ ሆኖ እንዴት ሰንሰለት እንደተባለ እነሱ ይወቁት። ጌትነት ደህና ልጅ ነው፤ ልጄን አክብሮ ይዟል፤ አይጠጣም። ስለዚያ ጎማ ማውራት ሲጀምር ግን ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ተነሳን። የመጀመሪያው ጉድ፣ ማሽኑ የሚሄደው በጭነት መኪና ተጭኖ መሆኑ ነው። በራሱ እግር ይሄዳል ብለው የገዙትን ነገር እንደ ሙሽራ ደግፈው ሲያሳፍሩት አየሁ።

«ለምን አይራመድም?» አልኩት ጌትነትን።

«ድንጋይ ላይ ብዙ ከሄደ ጎማው ያልቃል፣ አባባ።»

«በአስፋልት ይሂዳ።»

«አስፋልትም ይበላዋል።»

«ታዲያ ለምን ይሆናል?»

«ለአፈር ነው የተሠራው።»

እኔም እግሬ ለአፈር ነው የተሠራው፤ ማንም መኪና ላይ ጭኖ አዙሮኝ ግን አያውቅም። ይህን ስለው ሾፌሩ ሳቀ። ጌትነት አልሳቀም፤ ገመዱ ጎማውን እንዳይቆርጠው ከሥሩ ጆንያ ሲያነጥፍ ነበር።

እስከ ደነባ ድረስ አገሩ የራሳችን ነው፤ ሜዳው ሜዳ ነው፣ ጥቁሩ አፈር ጥቁር ነው፣ የስንዴው ገለባ በየአውድማው ተከምሯል። ደነባ ምሳ ቆምን። ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮ ብቻ ነው ያለው። ሽሮው ቀጥኖ የሳህኑን አበባ ያሳይ ነበር። በእኛ ቤት እንዲህ ያለውን ለታመመ ሰው እንኳ አንሰጥም። ባለቤቷ ግን ሽማግሌ ነኝ ብላ ሌላ እንጀራ ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ። ከደነባ ወዲያ እስከ ደብረ ብርሃን ጌትነት ጎማ ምን ምን እንደሚጎዳው ሲነግረኝ ሄደ፦ ስለታም ድንጋይ፣ ፀሐይ፣ ናፍጣ፣ ዘይት፣ አንድ ቦታ ቆሞ መሽከርከር፣ መላላት፣ መጥበቅ። የዚህን ያህል የሚሞላቀቅ ከብት ቢሆን ኖሮ ገና ወይፈን ሳለ አርደን እንገላገለው ነበር።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ማሽኑን ከመኪና ላይ ሳያወርድ ዙሪያውን በእጁ ዳሰሰው። በግራው ጎማ ላይ ቁስል አገኘ። ጎማው ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ሽቦ ብልጭ ይላል። ፊቱ ጠቆረ። ይህ ጎማ ከተበጠሰ ማሽኑ የትም አይሄድም፤ ማሽኑ ካልሄደ የእትዬ ቦይ እንደ ተቋረጠ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ፍለጋ በከተማው ዞርን። አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት ከወንበሩ ሳይነሳ አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚገኘው አለን። ሌላው የለም ለማለት አፍሮ ነው መሰለኝ የሞተር ሳይክል ጎማ አውጥቶ «ይሄ አይሆናችሁም?» አለ። ለሰንጋ የበግ ቆዳ እንደመለካት ነው። እንደዚያ ያለውን ነጋዴ እኛ አገር ማክሰኞ ገበያ አንድ ቀን አያሳድሩትም።

መጨረሻ ላይ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄድን። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። መኪናው ላይ ወጥቶ ቁስሉን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄ ጎማ የሚመስለው ላዩ ብቻ ነው» አለ፤ «ውስጡ ሽቦ ነው። አይለጠፍም። ውሃ እንዳይገባበት ግን ልድፈንላችሁ፤ ሽቦው ከዛገ አለቀለት።»

ስንጥቁን በጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ በማስቲሽና በጎማ ፍርፋሪ ደፈነው። የት እንደምንሄድ ጠየቀኝና ስነግረው፣ አክስቱ እዚያው አካባቢ እንደነበሩና በልጅነቱ ያን ገደል በጀሪካን እንደወጣው ነገረኝ። ከማስቲሹ የተረፈውን ከነቆርቆሮው ራሱ ጌትነት ኪስ ውስጥ ከተተ። በከተማው ውስጥ ያልናቅሁት ሰው እሱን ብቻ ነው።

ያደርንበት ሆቴል በሩ ላይ «ሙቅ ውሃ አለ» ይላል። ያለው ጽሑፉ ነው። አልጋው ላይ አንድ ስስ ነገር ተዘርግቷል። ደብረ ብርሃን ማለት በብርድ ልብስ አገር ያለበሰች ከተማ ናት፤ ለእንግዳዋ ሲሆን ግን ምን እንደነካት አላውቅም። ጋቢዬን ደርቤ፣ ኮቴንም ደርቤ ተኛሁ። የሆቴሉ ሴትዮ ማለዳ መጥታ እንዴት እንዳደርኩ ስትጠይቀኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል።

ዓርብ ወደ አንኮበር ወጣን። መንገዱ በደጋው ላይ ነው። ገብስና በግ፣ በግና ገብስ። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ጥቂት እንደሄድን ጭላዳዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ፈረንጆች ከመኪና ወርደው በጉልበታቸው ተንበርክከው ፎቶ ያነሷቸዋል። እኛ አገር ለዝንጀሮ የሚንበረከክ የለም፤ በወንጭፍ ነው የምናነጋግረው። ከዚያ ጭጋግ መጣና ሁሉንም ሸፈነው። ሾፌሩ እየጮኸ እጁን ወደ ግራ ዘርግቶ ነገሥታቱ የነበሩበት ኮረብታ ያ ነው አለኝ። ያየሁት ጭጋግ ነው። ሲገለጥም ኮረብታ ነው። ከሥሩ ገደል አለ፤ ገደል ለማየት ከሆነ የጀማ ገደል ደጃችን ነው።

ጎረቤላን አልፈን አስፋልቱን እንደለቀቅን ሾፌሩ ቆመ። ወደ መንደሩ የሚወርደውን መንገድ አየ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ከዚህ በኋላ መኪናዬን አልሰጥም አለ። የተነጋገርነው እስከ መንደሩ ነበር። ጌትነት ለመነው፤ እኔም በሽምግልናዬ ገባሁ። እሱ ግን ፍሬኑን እየጠቀሰ፣ ልጆቹን እየጠቀሰ ማሽኑን አወረደልንና ዞሮ ሄደ። እንግዲህ ያ የተንቀባረረ ጎማ ሊራመድ ሆነ።

አካሄዱን ማየት ነበረባችሁ። ጌትነት ላዩ ተቀምጦ ቀስ አድርጎ ይነዳዋል። መዞር ሲፈልግ ባለበት አይዞርም፤ ትልቅ ሰው ልጅ እንዳይቀሰቅስ እንደሚዞረው በሰፊው ይዞራል። ቁልቁለቱን አግድም አይሄድም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። በየመቶ ክንዱ ይቆምና ጌትነት ወርዶ በጎማውና በመዘውሩ መካከል የገባውን ጠጠር በዱላ ይፈለቅቃል።

«አባባ፣ አንተ ከኋላ እየተከተልክ ድንጋይ ብታወጣልኝ ቶሎ እንደርስ ነበር» አለኝ።

«እኔ የሰው እግር እሾህ አወጣለሁ፤ የበሬም አውጥቻለሁ። የብረት እግር አላጸዳም» አልኩት። ዱላዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። ጀግና ነኝ ብዬ አይደለም፤ ጎንበስ ማለቱም እንደ ድሮ አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ጌትነት ጎማው ላልቷል አለ። ማሽኑ ክንዱን መሬት ላይ ደግፎ አንድ ጎኑን ወደ ላይ አነሳ፤ እሾህ የወጋው በሬ እግሩን እንደሚያነሳ ማለት ነው። ጎማው እንደ ሆድ ተንጠለጠለ። ጌትነት በግሪስ ፓምፕ ከጎኑ ግሪስ ሲሞላበት ወጠር አለ። ብዙ እንዳይወጥረው ደግሞ እየቆመ በእጁ ይለካል፤ ከላላ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። ይህን ሁሉ ያየ አንድ አህያ ነጂ ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየን ቆይቶ «አሰላሙ አለይኩም፣ ታመመባችሁ እንዴ?» አለ። ሰይድ ይባላል፤ የእትዬ ጎረቤት ነው፤ በአህዮቹ ወደ አልዩ አምባ ገበያ እህል ያወርዳል፣ ጨውና ቃሪያ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ መንገድ እየመራ፣ ማሽኑ ከአህያ እንደሚዘገይ በየመታጠፊያው እየነገረን አብሮን ወረደ።

ሲመሽ ደረስን። እትዬ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ተሳሳምን፤ እጇ በደንብ አልጠገነም፤ ጠመም ብሏል። ገብተን ሳንቀመጥ ገበቴ አምጥታ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ አለች። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ባይሆን እኔ ባጥባት ነው ወጉ። ውሃውን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁና እግሬን ሰበሰብኩ።

«ምነው ተክልዬ፣ ደጄ የመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አድሮ ያውቃል?» አለችኝ። «ደግሞ ለእነዋሪ ሰዎች ሄደህ ልታወራብኝ።»

ታጠብኩ። ጌትነትም ታጠበ፤ አፈር እስኪመስል አፈረ። ከዚያ በጣሳ ያስቀመጠችውን ሞራ አውጥታ የተሰነጠቀ ተረከዜን ቀባችኝ። ሁዳዴ ነውና ሞራው ለወጥ አይውልም፤ ለእግር ነው የደረሰው። እራታችን በሶና ተልባ ነበር። ጌትነት የጎማውን ወሬ ሊተው ነው? እዚያም ቀጠለ። ጎማው ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ዛሬ ድንጋይ ላይ ሲራመድ ውሎ ተጎድቷል፣ ነገን ከያዘልኝ ብዙ ነው እያለ አለቀሰ ማለት ይቻላል። እትዬ አንገቷን እየነቀነቀች ስታዳምጠው ነበር። እኔ እያንቀላፋሁ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ስወጣ የመንደሩ ውሾች ማሽኑን ከበው ጎማውን ይልሳሉ። «የአንኮበር ውሻ ደግሞ ጎማ ይልሳል» ብዬ ስቄ አባረርኳቸው። የእነዋሪ ውሻ ይህን አያደርግም ብዬ ኮራሁም። ጎማው ያብለጨልጫል፤ ጌትነት ጤዛ ነው አለ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ወንዱ ድጅኖውን፣ ሴቱ ልጁን ይዞ። ማሽኑ ተነሳ።

ጭንጫው ያለው ከቤቶቹ በላይ ነው። እዚያ ለመድረስ አንድ ሰፊ ለስላሳ አለት ማቋረጥ ነበረበት። ጌትነት እንደ ልማዱ ቀጥ አድርጎ አስወጣው። አለቱ መካከል ላይ ማሽኑ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መጣ። ጎማው ወደ ላይ ይሽከረከራል፣ ማሽኑ ወደ ታች ይሄዳል። እያንሸራተተ ወደ ጎን ዞረ። ከታች እርከን አለ፤ ከእርከኑ በታች ምን እንዳለ ነግሬያችኋለሁ። እኔ የልጄን ስም ስጠራ ራሴን ሰማሁት። ጌትነት ክንዱን ዘርግቶ የመቆፈሪያውን ጥርስ አፈሩ ውስጥ ተከለውና ማሽኑ ከአንድ የጽድ ግንድ ጋር ተደግፎ ቆመ። የግራው ጎማ ከመዘውሩ ወልቆ እንደ ተፈታ መቀነት ተጋድሟል።

ጌትነት ወረደ። ጎማውን ነካና ጣቱን አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ዞሮ ሰዉን አየ።

«ማነው ይህን የቀባው?»

እትዬ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከነዚህ ጋር ሆነን ነው ጎህ ሲቀድ፤ የየቤታችንን አዋጥተን» አለች። «ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል ስትል ሰማሁህ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀንበሩ ጠፍር ሲደርቅ፣ የበቅሎው መጫኛ ሲሰነጠቅ፣ ሞራ ነበር የሚያጠጣው። ደግሞ እናንተ እግራችሁን ታጥባችሁ፣ ተቀብታችሁ ተኛችሁ። እሱ ሲራመድ ውሎ ውጭ አደረ። አላስቻለኝም።»

ጌትነት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ፣ ጎማ ቆዳ አይደለም» አላት ቀስ ብሎ። «ቅባት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይበሰብሳል። አለት ላይም ያንሸራትታል።»

«እና ገደልኩት?»

«ቶሎ ከታጠበ አልገደልሽውም።»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከእነዋሪ ጀምሮ አንድ ነገር ሳላጣጥል ያለፍኩበት ቦታ አልነበረም። እዚህም አፌን ከፈትኩ፤ የእህቴን ጠማማ እጅ፣ እስከ አንጓው በሞራ የወዛውን፣ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ቀድሞኝ የተናገረው ሰይድ ነው።

«ወላሂ፣ ጎረቤት ነን ብለን ሁዳዴያችሁን እናከብራለን፤ እናንተ ማሽኑን በሞራ አስገደፋችሁት» አለ።

«አልተጠመቀ፤ ምን ጾም አለበት?» አለች እትዬ። ሰዉ ሳቀ። ጌትነትም ሳቀ፤ ከድንጋዩም ተነሳ።

እንግዲህ መታጠብ አለበት። በምን? በውሃ። ውሃው የት ነው? ገደሉ ሥር። ውሃ ሊያመጣላቸው የመጣውን ማሽን ለማጠብ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወረዱ። ሰይድ አህዮቹን ጭኖ ተከተላቸው፤ ገበያው ይቅር አለ። ከቤቱ ኋላ ካለው እንዶድ ፍሬውን ሰብስቦ የሰጠንም እሱ ነው። እንዶዱን ወቅጠን፣ አመድ ጨምረን፣ ያን ጎማ እንደ በዓል ጋቢ አጠብነው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ጌትነት የጎሚስታውን ማስቲሽ እየጨመረ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ዳር ተቀምጬ ጀሪካን ሲወጣ አየሁ። እትዬ አትውረጂ ብትባልም አንዱን ትንሽ ጀሪካን ይዛ ወርዳ ነበር። ስትወጣ ልቀበላት ሄድኩ፤ አልሰጥም አለችኝ።

ከዚያ ጎማውን መልሶ ማስገባት ነበረ። ጌትነት የተወጠረበትን ግሪስ አስተነፈሰው፤ ወንዶቹ ድጅኖ ከሥሩ አስገብተው እንደ መቃብር ድንጋይ አነሱለት፤ መዘውሩን በቀስታ ሲያዞር ጎማው ጥርሱን ፈልጎ ገባ። በዚህ ሁሉ ቅዳሜ አለቀ።

እሑድ ማንም መሬት አይነካም። ቅዳሴ ሄድን። በአንኮበር ቅዳሴው ከእኛ ይረዝማል፤ ብርዱም እንደዚያው። ስንወጣ ደመናው ከቆላው በኩል ተነስቶ ገደሉን እየወጣ ነበር። ሰዉ ሰላም የሚባባለው ወደ ሰማይ እያየ ነው። ጎረቤቶቹ እንግዳ መጣ ብለው በየቤቱ ጠሩን፤ አንዱም ቤት ባዶ አላስወጣንም። ቆሎው ግን ጠንካራ ነው፤ የጅሩ ሽምብራ ቆሎ የለመደ ጥርስ እዚያ ይሰበራል። እኔ የቀረችኝን ጥርስ ይዤ በዝግታ አላመጥኩ።

ሰኞ ማሽኑ አለቱን ትቶ በአፈሩ በኩል ዞሮ ወጣ። ያ የሰንጋ ቁመት ያለው ነገር ጭንጫውን ሲይዘው የምላችሁን አላውቅም፤ ይነክሰው፣ ይፈለቅቀው፣ ወደ ጎን ይተፋው ጀመር። ጌትነት አምስትና ስድስት ጊዜ ወርዶ የግራውን ጎማ ያያል። ስንጥቁ ሰፋ ሲል ማሽኑን ያሳርፋል፤ ሰዉም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል። ሲመሽ ማንም ሳያዘው መንደሩ ሁሉ እንጨት ይዞ ይመጣና ከጎማው መካከል ጭቃና ጠጠር ይፈለፍላል። ጌትነት አፈር አድሮበት ከደረቀ እንደ ድንጋይ ይቆርጠዋል ብሏቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተቀምጠው ይፈለፍላሉ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ እመለከታለሁ። ሰይድ አንዴ አይቶኝ «የእነዋሪው እንግዳ ወገቡ ታሟል» አለ፤ ጮክ ብሎ።

ማክሰኞ ካፊያ ብቻ ሲያካፋ ዋለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቦዩ ከላይኛውና ከታችኛው ጋር ተገናኘ። ቱቦውን የሚያገጣጥሙት ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ይቀብሩ ስለነበር ሲጨልም ያልተሸፈነ ብዙ አልቀረም። ማታ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን መታ። እትዬ ከመደቡ ላይ ሆና ስትሰማው ቆየችና፣ «ይዝነም እንግዲህ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሰዉ ሁሉ አዲስ የተተከለው ቦኖ ጋ ቆመ። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሰይድ ከሰዎቹ ጋር ከጎን ቆሞ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፤ ከዚያ ቀይ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ጠራ። ካህኑ ባረኩ። ሁሉም የሚጠብቀው ማን ይቅመስ የሚለውን ነው፤ ወጉ ለታላቅ ነውና እትዬን ወደ ፊት ገፏት። ጀሪካኗን ሞላች። አልቀመሰችም። በጠማማው እጇ አንጠልጥላ ሰዉን አልፋ፣ ካህኑንም አልፋ፣ ቀጥ ብላ ወደ ማሽኑ ሄደች። በትላንቱ ጭቃ እስከ ሆዱ ተለውሶ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብላ ውሃውን ቀስ እያለች በጎማው ላይ አፈሰሰች፤ በእጇ ታሸው ጀመር።

«እትዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ እንጂ» አላት ጌትነት።

«እኔ ቤቴ ነኝ፤ እጠጣለሁ» አለች ቀና ሳትል። «እንግዳ ነው መጀመሪያ እግሩን የሚታጠበው። ሞራ አልያዝኩም፤ አትፍራ።»

የአንኮበርን ነገር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ብርዱን፣ ሽሮውን፣ ጭጋጉን፣ ሾፌሩን እነግረዋለሁ፤ ያንን ሁሉ አልተውም። ያን ጊዜ ግን ዱላዬን ግንድ ላይ አስደግፌ፣ ጉልበቴን ይዤ ቀስ ብዬ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከመዘውሩ ሥር አንድ ጠጠር ተሰንቅሮ ነበር። በጣቴ ፈልቅቄ አወጣሁት።